ካልሲ ያሰጣንበት ሲንቄ

ማርች ስምንት ሲቃረብ ጨጓራዬ ይነሳል። ሐኪሙ በርበሬ ተዪ ይለኛል። በርበሬውን ከተውኩት ቆየሁ፤ የማይተወኝ ማርች ስምንት ነው።

አዲስ ዓለም ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ኮሌጅ ሳለሁ የሴቶች ክበብ አባል እንደነበርኩ አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ በመጣ ቁጥር አዘጋጇ እኔ ነኝ። ማዘጋጀት ማለት ምን መሰላችሁ? ባነር ማሰቀል፣ ድፎ ማስደፋት፣ ለስላሳ ማስመጣት። ንግግሩ የአለቃችን ነው። ባለፈው ጊዜ ስለ ሴቶች የሥራ ጫና ረዘም አድርገው ተናገሩ አሉ። እኛ ሴቶቹ ግማሹን አልሰማነውም፤ ጓዳ ሰሃን እናጥብ ነበር። ሲጨርሱ ግን ወጥተን አጨበጨብን። እጃችን እርጥብ ስለነበር ጭብጨባው እንኳ ደህና አልጮኸም።

ይሄን ለሰው ሳወራ ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆዴን የሚቆርጠኝ ግን የአለቃችን ንግግር አይደለም። የሚቆርጠኝ ሌሊሴ የምትባል ልጅ ነገር ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

የተማርኩት አምቦ ነው። እኛ በተማርንበት ዘመን አምቦ ሰልፍ ጠፍቶባት አያውቅም። ወንዶቹ ይወጣሉ፤ እኛ በር ዘግተን እንጨነቃለን። ወጥቶ ያልተመለሰም ነበረ። እሱን በወግ አልነካውም፤ እናቱ አለች። ብቻ እዚያ ከተማ ውስጥ መብት የሚለውን ቃል ያልለመደ ጆሮ አልነበረም። የሴት መብት ሲባል ግን ያው ጆሮ ትንሽ ይደነቁራል። መጀመሪያ ትልቁ ጉዳይ ይለቅ፣ የእናንተ ይደርሳል ይሉናል። ወረፋ ያዝን። ዛሬም ወረፋ ላይ ነን፤ ወንበር ግን አልተሰጠንም።

ክበባችን ደህና ክበብ ነበረ። ሊቀመንበሩ ወንድ ነበር። አትሳቁ፣ ምክንያት አለው። ስብሰባ የሚጀመረው ከትምህርት በኋላ ነው፤ ሴቶች ደግሞ ሳይመሽ ዶርም መግባት አለብን። ስለዚህ ስለ ሴቶች መብት እንወያያለን፣ እንወያያለን፣ ውሳኔ ላይ ሊደረስ ሲል ይመሽና እንሄዳለን። የሚወስኑት የቀሩት ወንዶች ናቸው። ሊቀመንበር ሲመረጥም መሽቶ ነበር። አብዲን መረጡት። አብዲ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ እንዲያውም ከእኛ በላይ ይቆረቆር ነበር። ምንም ነገር ሲፈጠር አንድ መድኃኒት ነው ያለው፤ የፓናል ውይይት። ሰው ሞተ ቢሉት የፓናል ውይይት እናዘጋጅ የሚል ይመስለኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አካባቢው ከተሞች እየወጣን እንቀሰቅስ ነበር። አንድ ጊዜ እንጭኒ፣ በገበያ ቀን፣ ያለዕድሜ ጋብቻን የሚያወግዝ ድራማ ይዘን ሄድን። ባል የሆነው አብዲ ነው። ሙሽራዋ እንድትሆን የጠየቅነው ሌሊሴን ነበር። የዶርሜ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከእጃጂ በኩል የመጣች። ቢለምኗት እምቢ የማትል ልጅ ያን ቀን ግን ሙሽራ አልሆንም አለች። አህያም ቢሆን እሆናለሁ፣ ሙሽራ ግን አልሆንም። አህያ ድራማው ውስጥ ስላልነበረ መጋረጃ ያዘች። ሙሽራ የሆንኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደጮህኩ፣ እንዴት እንደተንፈራገጥኩ አትጠይቁኝ። ገበያተኛው ተደስቶ አየን። አልቅሶም አየን። ያለቀሰው ግን ለአብዲ ኖሯል። ድራማው እንዳለቀ አንድ ሽማግሌ ወደሱ ጠጋ ብለው፣ አይዞህ ልጄ፣ እሷ ብትቀር ሌላ እንፈልግልሃለን፣ የማን ልጅ ነህ አሉት።

ሌሊሴ ያን ቀን ብቻ ሳቀች። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሳቋ ከእኛ ሳቅ የተለየ ነበር።

ስለ ሌሊሴ ትንሽ ላውራችሁ። የምትማረው ፕላንት ሳይንስ ነው። ከሁላችንም በፊት ትነሳለች፣ ከሁላችንም በኋላ ትተኛለች፣ በመሐል ታነባለች። የዕረፍት ጊዜ ሲሆን ሁላችን ወደቤት ስንሄድ እሷ ታስፈቅድና እዚያው ትቀራለች። ቤተሰብ የለሽም ወይ ስንላት፣ አለኝ፣ መንገዱ ያመኛል ትላለች። እጃጂ ከአምቦ ስንት መንገድ አለው? አልጠረጠርንም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ጥያቄም አይገባም።

ከአልጋዋ በላይ፣ ከመስኮቱ ብረት ጋር ታስሮ፣ አንድ ቀጭን ረዥም በትር ነበራት። ልስልስ ያለ፣ በቅቤ የታሸ የሚመስል። ዶርም ውስጥ ልብስ ማስጫ ስለሌለ እኛ ካልሲያችንን እናሰጣበት ነበር። እሷ ምንም አትልም። ብቻ ስንመለስ ካልሲዎቹ ተነስተው፣ ተጣጥፈው፣ አልጋችን ላይ እናገኛቸዋለን። ንጹሕ ልጅ ናት አልን። እንዲያውም ተመቸን።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። መሠረት የምትባል የክበባችን ልጅ ነበረች። ከግቢ ውጭ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወደ አንዱ ወረቀት ልታትም ገባች። ባለቤቱ እጁን ሰደደ። ጮኸች። ሰው ሲሰበሰብ፣ አዋረድሽኝ ብሎ በሰው ፊት በጥፊ መታት። የተሰበሰበው ሰው ምን ብሎ ጠየቀ? ምን አድርጋው ነው አለ።

ፊቷ አብጦ ወደ ዶርም መጣች። ክበቡ ተሰበሰበ። አብዲ ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ሊል እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ፓናሉን ትተን በሲንቄ እንውጣ አልን። ሲንቄ ማለት የኦሮሞ ሴቶች በትር ነው። በእሬቻ ሰሞን ሴቶች ይዘውት ሲያልፉ፣ ወንዱ ቆሞ ሲያሳልፋቸው አይተን ነበር። ሲንቄ የያዘች ሴት ፊት ማንም አይሻገርም፤ የበደለም ወጥቶ ይለምናል ሲባል ሰምተናል። ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሱቅ ሄድን። ጨሌ የተደረደረበት፣ ቆንጆ ቆንጆ ሲንቄ ገዛን። እኔ ቀይና ነጭ መረጥኩ፤ ከቲሸርቴ ጋር ይሄዳል ብዬ።

ጠዋት ከግቢ እንደወጣን በሩ ላይ ድንች የሚሸጡት አዴ ጋዲሴ አዩን። አዴ ማለት ባገሩ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ሰላምታ ሰጠን፤ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸው እጄ ላይ ሄደ። ባልሽ ማነው አሉኝ። ባል የለኝም አልኳቸው። ታዲያ ይሄን ማን ሰጠሽ? ገዛሁት። አዴ ጋዲሴ ሳቁ። ሻሻቸው እስኪወልቅ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ አዘኑልን መሰለኝ፣ አስቀመጡንና አስረዱን። ሲንቄ አይገዛም። እናት ልጇን ስትድር በእጇ የምትሰጣት ነው። ያላገባች ልጅ ይዛው ብትወጣ ለጌጥ ያምራል፣ ለዳኝነት ግን እንጨት ነው። በዚህ እንኳን ሰው፣ ውሻም አይሸሽ አሉን።

ቅስማችን ተሰብሮ ወደ ዶርም ተመለስን። ሕግ አለን፣ ሕገ መንግሥት አለን፣ ሥልጠና ወስደናል፤ ባል ግን የለንም። ለመብታችን ለመታገል መጀመሪያ ማግባት ነበረብን። እየሳቅን ነው ይሄን የተናገርነው።

ሌሊሴ አልሳቀችም። ተነሳችና የእኔን ካልሲ ከበትሩ ላይ አነሳች። አጠፈችው። ከዚያ በትሩን ከመስኮቱ ፈታች። ይሄ አልተገዛም አለች።

ከዚያ ታሪኳን ነገረችን። ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው የዳሯት። ባሏ በሬም መሬትም ያለው፣ የተከበረ ሰው ነው። ይመታታል። ሲቆጣም ይመታታል፣ ሲያዝንም ይመታታል። አንድ ጠዋት እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥታ አመለጠች፤ ሌላ ወረዳ፣ አክስቷ ጋ ተደብቃ ተምራ ማትሪክ አለፈች። እናቷ ለመንደሩ ቤይሩት ሄዳለች ብላ አውርታለች። ልጅሽ እንዴት ናት ሲሏት፣ ሙቀቱ ከብዷታል ትላለች አሉ። እንግዲህ ቤይሩት ማለት እኛ ዶርም ነበር።

ስታመልጪ ይሄን በትር ለምን ይዘሽ ወጣሽ አልኳት። ከዚያ ቤት የእኔ የሆነ ሌላ ነገር አልነበረም አለችኝ።

መሠረት ባበጠ ፊቷ፣ ተዪው፣ ሰው ያይሻል አለቻት። ሌሊሴ መለሰች፤ በጥፊ የመታሽ ሰው ዛሬም ሱቁን ከፍቶ ነው የዋለው፣ ያንቺስ ፊት ለማን ነው የሚታየው አለች። እንዲህ ብዙ ቃል ስትናገር ያን ቀን ሰማኋት።

ወጣን። ከፊት ሌሊሴ፣ በሁለት እጇ ሲንቄውን ይዛ። አዴ ጋዲሴ አየት አደረጉና በትሩን አወቁት። ከድንቻቸው ተነሱ፤ ቤት ገብተው የራሳቸውን ይዘው መጡ። ጎረቤቶቻቸው ተከተሉ። ከየጓዳው፣ ከበር ጀርባ፣ ጥቀርሻ የለበሰ ሲንቄ እየወጣ መንገዱ ሞላ። ወደ ነቀምት የሚሄደው አስፋልት ቆመ። ባጃጁ ቆመ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሞተር አጥፍቶ፣ ወርዶ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰውዬ የልመናውን እርጥብ ሣር ይዞ ወጣ። መሠረት እግር ስር ተንበረከከ። ዲፋማ አለ፤ ይቅርታ። በግ ታረደ፣ ሴቶቹ መረቁ፣ ነገሩ አለቀ። ሰውየው ዛሬም ድረስ ሴት ተማሪ ስትገባ እጁን ኪሱ ከቶ ነው የሚያናግራት ይባላል።

ያን ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ቢሆንም ደስታ ላይ አንድ ሰው ፎቶ ማንሳት አለበት። ሊቀመንበራችን አነሳ። ሌሊሴ ፊቷ ወደ ላይ ቀና ብሎ፣ ሲንቄዋ በእጇ፣ ከኋላዋ የቆመ ባጃጅ። ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ላይክ እንደ በረዶ ወረደ። ሌሊሴ አየችውና ስልኩን መለሰችለት። ቶሎ አጥፋው አልነው፣ አጠፋው። ግን ሌሎች ክበቦች ወስደውት ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት እንግዲህ ይሄ ነው።

ከዚያ እስከ ክረምቱ መግቢያ ፈተና እያጠናን ዝም ብለን ሰነበትን። አንድ ጠዋት ግቢው በር ላይ ሽማግሌዎች ቆመዋል ተባለ። መሐላቸው ጃንጥላ የያዘ ሰው አለ። ባሏ ነው። ኦቦ ቶለሳ፤ ኦቦ ያው አቶ ነው።

እኔ እንደዚያ አልጠበቅኩትም። እንጭኒ ላይ የሠራነው ድራማ ውስጥ ባልየው ያገሳ ነበር። ይሄ ግን አያገሳም። ኮቱ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሴት ስታልፍ መንገድ የሚለቅ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ በትሕትና ነው የተናገሩት። ልጃችንን ፎቶ ላይ አየናት፣ ደስ አለን፣ በሕይወት አለች። ሲንቄ ይዛለች። ሲንቄ የያዘች ሴት ሚስት ናት። የማን ሚስት ናት? የዚህ ሰው። እንግዲህ ልንወስዳት መጥተናል።

እኛ ሕግ ጠቀስን። ስትዳር ልጅ ነበረች፣ ጋብቻው ጋብቻ አይደለም አልን። እውነታችንን ነበር። ግን ሌሊሴ ጎትታ ወደ ጎን ወሰደችኝ። ሕጉ አባቴንም ይይዛል፤ የዳረኝ እሱ ነው፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ነው፤ አባቴን አሳስሬ ምን ዓይነት ዲግሪ ልይዝ ነው አለችኝ። ሕጉን ወደ ኪሳችን መለስን።

ታዲያ ምን እናድርግ? እዚህ ላይ ነው ያ የማይረሳኝ ብልሃት የመጣልን። አዴ ጋዲሴን እንጥራ። ሲንቄ አለ አይደል? ተበድላለች አይደል? ሮጥን። ነገርናቸው። አዴ ጋዲሴ መመታቷን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። ጩኸታቸውን አሰሙ። ያን ጩኸት የሰማች ሴት ሊጥ ቢሆን፣ ልጅ ቢሆን ጥላ ትወጣለች። ወጡ። ካለፈው ጊዜ በለጡ። ሰውየውን ከነሽማግሌዎቹ ከበቧቸው።

ሌሊሴ መሐል ቆመች። የሆነባትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ በኦሮምኛ ተናገረች። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሰውየው ጃንጥላው ከእጁ ወደቀ። ጭቃው ላይ ተንበረከከ፤ ያ የተተኮሰ ሱሪ። መታኋት አለ። ሁሉንም አመነ። እጄ ዳግመኛ አይነሳባትም ብሎ ማለ። በስሟ ጊደር ልስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ዋስ ሆኑ። እርጥብ ሣር ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዲፋማ እያለ ለመናት።

እኛ እልል አልን። አብዲ አለቀሰ። መሠረት ከሁላችን በላይ እልል አለች። ማን ይሄን አይቶ ዝም ይላል? የሴት በደል በሰው ፊት ተነግሮ፣ ወንድ ልጅ አምኖ፣ ተንበርክኮ። አዴ ጋዲሴና ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ከፍ አድርገው መረቁ። እርቁ ጸና። ከዚያ ወደ ሌሊሴ ዞሩና፣ በይ ገሊ አሏት፤ ግቢ፣ ወደቤትሽ ግቢ።

እልልታው መሐል ላይ ተቋረጠ።

አዴ ጋዲሴን ቀሚሳቸውን ይዤ ወደ ጎን ወሰድኳቸው። ፈተና አላት፣ ልትመረቅ ትንሽ ነው የቀራት፣ መሄድ አትፈልግም፣ እኛ የጠራንዎት እንድትቀር ነው አልኳቸው። እሳቸውም እያለቀሱ ነበር፤ ክፉ ሴት አይምሰሏችሁ። እንዲህ አሉኝ፤ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያ ጥፊ የመታው ሰው ለምን ተንበረከከ? ከተንበረከከ በኋላ ነገሩ እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ ነው። ተለምነን እምቢ ካልን፣ ነገ የትኛው ወንድ ይንበረከክልናል? እኛ ከዚህ በትር ሌላ ምን አለን?"

እስቲ እናንተ መልሱላቸው። እኔ አልቻልኩም። የወሰድኩት ሥልጠና ሁሉ፣ ያ ሁሉ ቲሸርት፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ሲንቄው የሚያስከብረው ሚስትን ነው። ሚስት መሆን ያልፈለገችውን የት ያውቃታል? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሌሊሴን ማንም አላሰራትም። እምቢ ማለት ትችል ነበር። ዶርም ገብታ ልብሷን ስትከት ይሄንኑ ነገርኳት። እምቢ በይ፣ ምን ያመጣሉ አልኳት። መጽሐፎቿን ለማን እንደምትተው እያየች ነበር። ቀና ብላ፣ ለመሠረት ሠርቶ ለእኔ ሲሆን አይሠራም ልበል ወይ አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም፤ የእውነት እየጠየቀችኝ ነበር። መሠረት ጥግ ላይ ቆማለች።

ሄደች። የእጃጂን ሚኒባስ ይዘው ሄዱ። ባሏ ሻንጣዋን ተሸከመላት። ማታ ክበቡ ተሰበሰበና አብዲ የፓናል ውይይት አለ። መሠረት ተነስታ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ክበብ ደርሳ አታውቅም። በዓመቱ መጨረሻ የክበባችን ሥራ ሲነበብ፣ በሴቶች ላይ የደረሱ ሁለት በደሎች በባህላዊ መንገድ በድል ተፈቱ ተባለ። ሁለቱንም አሸንፈናል። ውሸት አልነበረም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ሰውየው ቃሉን ጠብቋል። እስከዛሬ አልነካትም። ጊደሯም ወልዳለች። ቢመታት እኮ አናቱን እንለው ነበር፣ እንረግመው ነበር፣ መልሰን እናመጣት ነበር። ለመርገም እንኳ ምክንያት ነሳን። ልጆች አሏት። ማሳቸውን አገር ሊያየው ይመጣል ይባላል፤ ፕላንት ሳይንሱ እዚያ ገባ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል እያሉ መንደሩ በነሱ ይምላል። እኔም ሰርግ ላይ ይሄን ተረት ሲተርቱ ስሰማ ውሃ ነው የምጠጣው፤ ለጨጓራዬ።

በቅርቡ ደወለችልኝ። ድምጿ ያው ነው፣ ዝቅ ያለ። ቀበሌው የሴቶች ተጠሪ አድርጎ መረጣት፤ ፊደል የቆጠረች ናት ተብላ። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ምን ልበላት? ስብሰባ ላይ ምን እንደሚባል ጠየቀችኝ። የማውቀውን ነገርኳት፤ መብት፣ እኩልነት፣ ተሳትፎ። እሱንማ እላለሁ አለች። ግን ጠዋት ጠዋት፣ ሰው ሳይነሳ፣ እየሮጡ የሚመጡ ልጆች አሉ። እኔ በተዳርኩበት ዕድሜ የተዳሩ። የት ልሂድ ብለው በሬን ይመታሉ አለችኝ።

ታዲያ ምን ትያቸዋለሽ አልኳት።

ልጅ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ የሷ ትሁን ከመጡት አንዷ አላወቅኩም።

"ሩጪ እላታለሁ። ሲንቄሽን ግን እዚያው ቤት ጥለሽው ሩጪ።"